ባላፎኑ ሱቄ ውስጥ የከረመበት በጋ

ማርች 3፣ ቅዳሜ

ይህ ደብተር የደንበኛ ልኬት የምይዝበት ነበር። ከኋላው ብዙ ያልተነካ ወረቀት ስላለው ከዛሬ ጀምሮ የራሴን ነገር እጽፍበታለሁ። የማወራው ሰው ስላጣሁ አይደለም። ጊዜ ስላጣሁ ነው።

ትናንት አምስተኛው የአርብ ምሽታችን ነበር። የመንገዱን ሁለት ጫፍ በበርሜል ዘጋን፤ ባለ ሞተር ብስክሌቶቹ እናታችንን እያነሱ ሰደቡን፤ ከዚያ ባሲሩ ጊታሩን፣ ጓደኞቹ ከበሮና ኪቦርዳቸውን ይዘው ሱቄ ደጃፍ ላይ ተደረደሩ። ስምንት ሱቆች ነን። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ሙዚቀኞች ይዟል፤ ደጃፉን፣ መብራቱንና እራታቸውን ይሰጣል፣ እነሱ ደግሞ ሰዉን ያመጡልናል። ሐሳቡ የኔ ነው፤ አንዳንዱ አሁን የራሱ ሊያስመስለው ይሞክራል። ገበያተኛው ወደ ባቡር ጣቢያው ማዶ ከዞረ ወዲህ ቦቦ መሀል ከተማ ቁጭ ብለን ዝንብ እሽ ስንል ነበር የምንውለው። አሁን አርብ አርብ መቆሚያ የለም።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ፎሴኒ ኮኔ፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው፣ ገና መዝጊያውን ሳያነሳ ጀመረኝ።

"አንቺ ቦሎቄ ዋጭ! ትናንት ያ ሁሉ ሰው ሙዚቃ ሊሰማ የመጣ መሰለሽ? ሆድሽ ሲጮህ ሰምቶ እኮ ነው!"

"ዝም በል አንተ አሽከር። አያትህ የአያቴን ፈረስ ፋንድያ ሲጠርግ ነው የሞተው።"

"ትራኦሬ ደግሞ መቼ ፈረስ ኖሮት ያውቃል? ቢኖራችሁም በልታችሁታል!"

ትራኦሬና ኮኔ እንዲህ ነን። ከቅድመ አያት የወረስነው የስድብ ዝምድና ነው፤ መቀየም ክልክል ነው። ከሰው ብጣላ ሄዶ የሚለምንልኝ እሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመድ የለመነውን ደግሞ ማንም እምቢ አይልም። ሳይሰድበኝ የዋለ ቀን አሞታል ማለት ነው።

ማርች 9፣ አርብ

ከባህል ኮሚቴው አንዲት ሴትዮ መጣች። ከከተማው አንድ መንገድ ሊመርጡ ነው፤ የተመረጠው ለመኪና ለዘለቄታው ተዘግቶ መድረክና መብራት ይሠራለታል። ሜይ 4 መጥተው ያዩናል። ባሲሩን ትንሽ ሰማችና "ጊታር የትም አለ። የዚህ አገር የሆነ ምን አላችሁ?" አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን "ባላፎን አለን" አልኳት። የለንም፤ ያ በመምቻ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ ያለው እናቴ አገር ነው።

ካልተመረጥን ጫማ ሰፊውና ፎቶ አንሺው ሱቃቸውን ይለቃሉ። ሁለት በር ከተዘጋ ሦስተኛው ሳምንት አይፈጅም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋሁበት መንገድ ነው።

ማርች 12፣ ሰኞ

ወደ እናቴ አገር ሄጄ መመለሴ ነው። ማንጎው ገና ጥሬ ነው።

ቶንቶን ዛንጋ ጃባቴ የእናቴ ታናሽ እህት፣ የታንቲ ሲታ ባል ነው፤ ቶንቶን አጎት፣ ታንቲ አክስት ማለት ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ታንቲ ሲታ ናት። እሱ ዛሬም እንደ ሙሽራ ይለብሳል፤ ካልሲ በሰንደል። ሰርዲን ይዤለት ሄጄ ስለነበር ፊቱ ፈካ።

ባላፎኑን የወረሰው ከአባቱ አባት ነው። እንጨቶቹ ጭስ ጠግበው ጠቁረዋል፣ ከሥራቸው የተንጠለጠሉት ቅሎች ተሰንጥቀው ተሰፍተዋል። እኔ ፊት ሁለት ሦስቴ መታ መታ ሲያደርገው ከሦስተኛው ግቢ አንዲት ሴት እየሳቀች "ራስህ ሽማግሌ!" ብላ ጮኸች። በዚያ አገር ባላፎን ያወራል፤ ቋንቋቸውን በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ይናገራል፣ ሰዉም ይመልሳል። እኔ የቦቦ ልጅ ነኝ፤ ለኔ እንጨት ሲመታ እንጨት ነው። ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ።

"አልሰጥሽም፣ አላውስሽምም" አለኝ። "ሊጠይቅሽ ይምጣ። እንግዳሽ ነው። ፀሐይ እንዳይመታው። ሰው የሞተ ዕለት ግን በዚያው ቀን ይመለሳል፤ እዚህ ያለ እሱ ማንም አይቀበርም።"

"በዚያው ቀን ይመለሳል፣ ቶንቶን። እኔ አለሁ አይደል እንዴ!"

ታንቲ ሲታ እግሯ አብጧል። ሙቀቱ ነው ትላለች። "ከኔ ይልቅ ይሄን እንጨት ነው የሚወደው" አለችኝ ባሏን እያየች። "ግድ የለም፣ ስሞት የሚጠራኝ እሱ ነው።"

ልጃቸው ዳውዳ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ይጫወትልናል። በአንዱ ባላፎን ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት።

ማርች 16፣ አርብ

ጉድ ነው! አትክልት የሚሸጡት የዚያ አገር ሴቶች ቅርጫታቸውን እያስቀመጡ መጡ። ዳውዳ ሲመታ ይመልሱለታል፣ ይሰድቡታል፣ አንዷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። ምን እንዳላት ስጠይቅ "ለልጅ አይነገርም" አሉኝ፤ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ኮኔ ሚስማር መሸጡን ትቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ዋለ። ሲመሻሽ "እናንተ ቦሎቄዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማን ያውቅ ነበር" አለኝ። እንደ ምርቃት ወሰድኩት።

ማርች 23፣ አርብ

የኮሚቴዋ ሴትዮ በድንገት መጣች። ባላፎኑ ግሩም ነው አለች። ግን እነ ባሲሩ አንድ ጥግ፣ እነ ዳውዳ አንድ ጥግ። "ማኅበር ናችሁ ወይስ ጎረቤት?" አለችና ሄደች።

አብረው ሞከሩ። ድምፃቸው አይገጥምም፣ ጆሮ ያማል። ባሲሩ "የኔ ኪቦርድ አይለወጥም፣ ፋብሪካ ነው የሠራው። እንጨቱ ነው የሚስተካከለው" ይላል። ዳውዳ ሳቀበት። "አባቴን ጠይቀው" ብሎት ሄደ።

ማርች 29

መብራት የለም። ሦስት የሠርግ ልብስ ለቅዳሜ። ባሲሩ ሁለቴ መጣ። ዳውዳና ወንድሞቹ ለማንጎ ለቀማ መንደር ናቸው። ትንሽ ማስተካከል ብቻ ነው ይላል ባሲሩ። ትንሽ።

ኤፕሪል 2፣ ሰኞ

ተስተካከለ። ባሲሩ ጣቢያው አካባቢ ለቱሪስት ባላፎን የሚሠራ ሰው አመጣ፤ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ስለዚህ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሱቁን ጠርጌ ዘጋሁ። ፍቅፋቂው ብዙ ነበር።

ኤፕሪል 6፣ አርብ

ዛሬ ሁሉም አብረው ተጫወቱ፤ ጊታሩ፣ ኪቦርዱ፣ ባላፎኑ እንደ አንድ ሰው። ሕዝቡ ጨፈረ። አትክልት ሻጮቹ ግን ትንሽ ቆመው ቅርጫታቸውን አንስተው ሄዱ። ሙቀቱ ይሆናል።

ዳውዳ መሀል ላይ መምቻውን አቁሞ እንጨቶቹን ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። "ኮሮ፣ ማን ነካው?" አለኝ። ኮሮ ይለኛል፣ ታላቄ እንደማለት። "ሙቀት ነው፣ እንጨት በሙቀት ይለወጣል" አልኩት። ሰው ፊት ምን ልበለው?

ኤፕሪል 8፣ እሑድ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዳውዳ ዛሬ ሱቅ መጣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አንዱን እንጨት ገልብጦ የተፋቀበትን በአውራ ጣቱ እያሻሸ "ከዚህ በኋላ ይጮሃል እንጂ አይናገርም። የማንንም ስም አይጠራም" አለ። "ታዲያ መልሰን እናስተካክለው" አልኩት። "ኮሮ፣ የተፋቀ እንጨት ምን ተደርጎ ይመለሳል?"

እውነቱን ልጻፍ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሲጠብ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይጠባል፤ ለዚያ ብለን ስፌቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ጨርቅ እንተዋለን። ነገር ሁሉ ውስጡ ትርፍ ያለው መስሎኝ ነበር። ሰውየው መፋቂያውን ይዞ "እመቤት፣ ልጀምር?" ሲለኝ ባሲሩ አልነበረም፤ ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ነበር። ጀምር ያልኩት እኔ ነኝ። ልኬት እየወሰድኩ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ።

ለኮኔ ብነግረው መንገድ ነበረው። ሄዶ ይለምንልኛል፤ ቶንቶን ዛንጋ ኮኔን እምቢ ሊለው አይችልም። ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን መጫወቻው ነኝ። "የሙታንን አንደበት የቆረጠች ቦሎቄ" ሲለኝ ከወዲሁ ይሰማኛል። ያንን የምችልበት ሆድ የለኝም፣ አሁን አይደለም። ከሜይ 4 በኋላ እነግረዋለሁ።

ዳውዳም አባቱ እስከዚያ እንዳይሰማ ተስማማ። እሱም ይህን መንገድ ይፈልገዋል፤ ማንጎ ለቀማ መመለስ አይፈልግም። እኔ አላስገደድኩትም።

ኤፕሪል 14፣ ቅዳሜ

የሆነ ሰው የአርቡን ቀርጾ ለቶንቶን በስልክ ልኮለታል። ደወለልኝ። ሰላምታውን አስረዝሞ፣ ታንቲ ሲታ እግሯ እንዳልተሻላት ነግሮኝ፣ ከዚያ፦

"ሙዚቃውን ሰማሁት። ደስ ይላል። የማን ባላፎን ነው?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው። ግን የኔን ለምን አላወጡትም? ልጁ አመመው እንዴ?"

"የርስዎ... ሱቅ ውስጥ ነው ቶንቶን። ፀሐይ እንዳይመታው ብዬ።"

"እሰይ! እንዲህ ነው እንግዳ መያዝ" አለኝ። መረቀኝም።

ኤፕሪል 24

ሰም ሞከርን፤ እንጨቱ ሥር እየለጠፍን። ሲሞቅ ቀለጠ። ሠሪው አዲስ እንጨት ልቁረጥ ይላል፤ ግን በየትኛው ድምፅ ብሎ ጠየቀኝ። የቀድሞውን ልክ የያዘ ጆሮ አንድ ብቻ ነው፣ የቶንቶን። ለማስተካከል እሱን መጠየቅ አለብን፤ እሱን ለመጠየቅ መንገር አለብን። ከሜይ 4 በኋላ።

ኮኔ ዛሬ "ምነው ቦሎቄው አልፈላ አለ? ፊትሽ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ሆኗል" አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ደንበኛ ገባ።

ኤፕሪል 30

ፎቶ አንሺው ዕቃውን በካርቶን እያደረገ ነው። "እስከ አርብ ጠብቅ" አልኩት። "ሳራታ፣ እኔ በአንቺ እምነት አለኝ፣ በመንገዱ ነው የሌለኝ" አለኝ።

ሜይ 4፣ አርብ

መጡ። አምስት ነበሩ። አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አንዷ ከሰፋኋቸው ልብሶች አንዱን ለካች። ባሲሩ አለቀሰ፤ እኔም። ስምንት በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ... ምንም ይሁን ምን ይህችን ማታ አይቻታለሁ። ነገ ለኮኔ እነግረዋለሁ።

ሜይ 5

ደክሞኝ ዋልኩ። ነገ።

ሜይ 6፣ እሑድ

ታንቲ ሲታ ጎህ ሲቀድ ሞተች። ባላፎኑ ይመጣል ወይ ብለው ደወሉ። ኮኔ መኪናውን አወጣ። አልነገርኩትም።

ሜይ 9፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ብዕር መያዝ አልቻልኩም።

መንገድ ላይ ከፊት የነበርነው ኮኔና እኔ ነን፤ ከኋላ ዳውዳና ባላፎኑ። ኮኔ ሊያጽናናኝ ይቀልዳል። የኔ ሥራ ነበር ማልቀስ፣ የሱ መሳደብ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጎኔ ነበር። ሁለት ሰዓት! አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ምናልባት እሱ ሊቀልድ፣ ሊለምን፣ ሊንበረከክ፣ ከጎረቤት መንደር ሌላ ባላፎን ይፈለግ ሊል ይችል ነበር። እኔ የሻሼን ጫፍ እያሻሸሁ ማንጎ ዛፎቹን አያለሁ።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ዕቃውን ሲያወርዱ ኮኔ ወግ ስለሆነ መሀል ገብቶ ጮኸ። "ይህችን ቦሎቄ ዋጭ ዋስ ሆኜ አመጣኋት! ሆዳም ናት፣ ሰነፍ ናት፣ ክር በጥርሷ ነው የምትበጥሰው። ግን አደራ አትበላም። እንደወጣ ተመልሷል፣ እኔ ኮኔ ምስክር ነኝ!" ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። ቶንቶን ዛንጋ እንኳ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ያን ጊዜም መናገር እችል ነበር።

ሚስቱ ናትና ራሱ ሊመታ ተቀመጠ፤ ካልሲው አንደኛው ተገልብጧል። ባላፎኑ መጀመሪያ የአባቷን ቤት ሰዎች ይጠራል፤ የተጠራ ይነሳል፣ እየዞረ ይሰናበታታል። ከዚያ እኩዮቿን፣ ከዚያ የወለደቻቸውንና ያሳደገቻቸውን። እኔንም ማለት ነው።

መታ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ መታ። የአባቷ ቤት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት "ማንን ነው የሚጠራው? አልሰማሁም" አለች። ሦስተኛ ሞከረና አቆመ። አንዱን እንጨት ገልብጦ ከሥሩ አየ፤ ላዩ ጥቁር ነው፣ ሥሩ አዲስ ነጭ እንጨት። ሁለተኛውን ገለበጠ። ሦስተኛውን። ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው፤ እኛም ቆመን አየነው። ከዚያ መምቻዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ተከፈነው ሬሳ ዞሮ "ሲታ፣ የምጠራሽበት አጣሁ" አለ።

ያለ ጥሪ ተቀበረች። ሳይጠሩ አይነሱምና የአባቷ ቤት ሰዎች ከተቀመጡበት ሳይነሱ ዋሉ፤ ሲመሽ ሄዱ።

ቶንቶን ማን እንደነካው አልጠየቀም። ዳውዳን አየው። ዳውዳ አንገቱን ደፋ። "ከፊቴ ጥፋ" አለው። ዳውዳ እኔን አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፣ አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ወጣ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር እንዳልል አልተዘጋም። ውኃ ጠጥቼበታለሁ።

ስንመለስ ለኮኔ ሁሉንም ነገርኩት። አንድም ስድብ አልሰደበኝም። ሱቄ ደጃፍ አወረደኝ።

ሜይ 16፣ ረቡዕ

ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። የጣቢያውን ማዶ መርጠዋል። የኛ "የተዋጣ ቢሆንም ከሌሎች ከተሞች ከሚቀርበው የሚለይበት አልጎላም" ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ አንድ ቀሚስ እጅጌ አሳጠርኩ።

ነገ ረመዳን ነው። ከረመዳን በኋላ መንደር ሄጄ ለቶንቶን እነግረዋለሁ።

ሜይ 25፣ አርብ

በርሜሎቹን ማንም አላወጣቸውም። ፎቶ አንሺው ሄዷል፣ ጫማ ሰፊው ሄዷል። ባሲሩ ጣቢያው ማዶ ይጫወታል አሉ፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ተሻገረ። ዳውዳ ወደ አቢጃን በሚሄድ የማንጎ መኪና ተሳፍሯል። ስልኩ አይሠራም። እንደሚሆን ሆኗል፤ እኔ ልጁን ሂድ አላልኩትም።

አላልኩትም ብዬ ከመጻፍ መቼ ነው የማቆመው?

ኮኔ ከመንደር ከተመለስን ወዲህ ሱቁን ዘግይቶ ይከፍታል። ጾም ነው፣ ሰው በጾም ይደክመዋል።

ጁን 2፣ ቅዳሜ

ትናንት ዝናብ ጣለ፤ የመጀመሪያው። ዛሬ ጠዋት ደጃፌን እየጠረግሁ ኮኔ መጣ። ይበለኝ፣ የፈለገውን ይበለኝ፣ የሙታንን አንደበት የቆረጠች ይበለኝ ብዬ መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ።

"እንደምን አደሩ፣ ማዳም ትራኦሬ" አለኝ።

"ፎሴኒ..."

"ሐሙስ መንደር ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ጥፋቱ የልጁ አለመሆኑን ይወቁ ብዬ። ነግሬአቸዋለሁ፤ ልጁ ግን የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ስለርስዎ አልለመንኩም። እንዳያስቡ።"

"ምን አሉ?"

"ባላፎኑን ጣራ ሥር ሰቅለውታል።"

ሄደ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መንገዱን ተሻግሬ ሱቁ በር ላይ ቆምኩና በሙሉ ድምፄ፣ ደንበኛ እያለ፣ "አንተ አሽከር! አያትህ የአያቴን ፈረስ ፋንድያ ሲጠርግ ነው የሞተው!" አልኩት። ድምፄ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ሚስማር ይመዝን ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ በትሕትና ራሱን ነቀነቀና መመዘኑን ቀጠለ።